አዳማ ላይ የግንባታ ዕቃ አቅራቢ እንዴት ይመረጣል? መስፈርት አወጣጥ ደረጃ በደረጃ

በሳምንት ሁለት ሦስቴ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይመጣልኛል። «ጥሩ አሸዋ የሚያመጣ ሰው ጠቁመኝ።» «ፌሮ ከማን ልግዛ?» «ብሎኬት የት ይሻላል?» ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ አዳማ ውስጥ ጂ+1 ወይም ጂ+2 ቤት የሚያሠሩ ናቸው። አዲስ ፈቃድ ያወጡ ትንንሽ ተቋራጮችም አሉበት።

ስም መስጠት ቀላል ነበር። ግን ዛሬ ጎበዝ የሆነው አቅራቢ ከሦስት ወር በኋላ መኪናውን ሸጦ ታገኙታላችሁ። በአሸዋ የሚታመነው ሰው በሲሚንቶ ላይታመን ይችላል። ስለዚህ እዚህ የማስቀምጠው ስም ሳይሆን መምረጫውን ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። መስፈርቱን ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ጻፉት። ዋጋ ከተሰማ በኋላ የሚጻፍ መስፈርት ወደ ርካሹ ያዘነብላል። ሰው ሆኖ ይህ የማይደርስበት የለም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የሥራ ዝርዝሩ ከነመጠኑ (ቢኦኪው)። ከሌላችሁ መሐንዲሱ ወይም ፎርማኑ በእጅ የጻፈው ዝርዝርም ይሆናል
- ባለ 5 ሜትር የብረት ሜትር
- ወደ 1 ሜትር ተኩል የሚሆን ቀጭን የፌሮ ቁራጭ (የአሸዋ ጥልቀት ለመለካት)
- የጓዳ ዲጂታል ሚዛን፣ በግራም የሚያነብ
- ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ውስጡ የሚታይ ጠርሙስ። ባዶ ሃይላንድም ይሠራል
- አንድ ማንኪያ ጨው
- ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ፎቶ የሚያነሳ ስልክ

ይኸው ነው። ላብራቶሪ የሚያስፈልግበት ቦታ አለ፣ እሱን ቦታው ላይ እናየዋለን።

1. የምትገዙትን ዕቃ በትክክል ጻፉ

«ሲሚንቶ 200 ኩንታል» ብቻ ብሎ መጻፍ አይበቃም። ኦፒሲ (ንጹሑ ፖርትላንድ ሲሚንቶ) ነው ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት)? የጥንካሬ ደረጃው ባለ 42.5 ነው ባለ 32.5? ለየትኛው ሥራ ነው? መቼ ነው የሚፈለገው? ጠጠር ከሆነ የፍሬው መጠን 02 ነው 01? ብሎኬት ከሆነ ውፍረቱ ባለ 20 ሴንቲ ነው፣ ባለ 15፣ ባለ 10?

ምክንያቱ ይህ ነው። ዝርዝሩ ካልተጻፈ ሦስት አቅራቢዎች ሦስት የተለያየ ዕቃ ዋጋ ይሰጧችኋል። እናንተ ደግሞ አንድ ዕቃ መስሏችሁ ታወዳድራላችሁ። በተለይ ሲሚንቶ ላይ ልዩነቱ ከባድ ነው። ፒፒሲ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥንካሬ የሚያገኘው ከኦፒሲ ቀስ ብሎ ነው። መሐንዲሱ በኦፒሲ አስቦ ፎርምወርክ (አርማታ የሚሞላበት ቅርጽ) የሚፈታበትን ቀን ከወሰነ፣ መጋዘን የገባው ግን ፒፒሲ ከሆነ፣ ያልጠነከረ ሶሌታ (የፎቅ ወለል አርማታ) ሥር ያለው ድጋፍ ይነሳል። ይህ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው።

ከእያንዳንዱ ዕቃ ጎን የሚፈለግበትን ሳምንት አስቀምጡ። ክረምት ላይ የሚውል አሸዋ ከሆነ አስምሩበት። ወንዝ ሲሞላና የካባ (የማውጫ ቦታ) መንገድ ሲጨቀይ አሸዋ ይጠፋል፣ ዋጋውም ይወጣል።

2. የማለፊያ መስፈርቶቹን ለዩ

እነዚህ ነጥብ አይሰጣቸውም። ያሟላ ያልፋል፣ ያላሟላ ይቀራል። ዋጋው የቱንም ያህል ቢያምር ወደ ቀጣዩ ደረጃ አይገባም።

- የዘንድሮ ንግድ ፈቃድ፣ የምትገዙትን ዕቃ በሚመለከት ዘርፍ የወጣ። በንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኢ-ትሬድ ገጽ ላይ በቲን ቁጥር ማየት ይቻላል። ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ከጥር በኋላ ያልታደሰ ፈቃድ ይዞ የሚመጣን ሰው ምክንያቱን ጠይቁት።
- ቲን፣ እንዲሁም የቫት ምዝገባ። ቫት 15 በመቶ ነው። ተቋራጭ ከሆናችሁና ትክክለኛ የቫት ደረሰኝ ካላገኛችሁ የከፈላችሁትን ቫት ማቀናነስ አትችሉም። ኪሳራው የራሳችሁ ይሆናል።
- በድርጅቱ ስም የተከፈተ የባንክ ሒሳብ።
- ሲሚንቶና ፌሮ ከሆነ፣ ዕቃው የኢትዮጵያን አስገዳጅ ደረጃ ያሟላ መሆኑ እና የትኛው ፋብሪካ እንዳመረተው የሚያሳይ ምልክት።
- ናሙና ለመስጠትና ዕቃው ሳይት ላይ እንዲለካ ፈቃደኛ መሆን።

የመጨረሻው ቀላል ይመስላል። እኔ ግን ብዙ ሰው ያጣራሁት በእሱ ነው። «ሳይት ላይ እለካለሁ» ስትሉት ፊቱ የሚለዋወጥ ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል።

> ማስጠንቀቂያ፦ ድርጅቱ አንድ ስም፣ የባንክ ሒሳቡ ሌላ ስም፣ ደረሰኙ ደግሞ ሦስተኛ ስም ከሆነ እዚያው አቁሙ። የሌላ ድርጅት ደረሰኝ መቀበል በግብር ሕግ ያስጠይቃል፣ ሻጩን ብቻ ሳይሆን እናንተንም።

3. ነጥብ የሚሰጣቸውን መስፈርቶች ከነክብደታቸው አስቀምጡ

እኔ የምጠቀምበት መነሻ ይህ ነው። ከ100፦

- ጥራት፣ በናሙና የታየ፦ 30
- ሳይት ድረስ ያለው ዋጋ፦ 25
- በሰዓቱ የማድረስ አቅም፦ 20
- ችግር ሲፈጠር የሚያሳየው ምላሽ፦ 15
- የክፍያ ሁኔታ፦ 10

እንዳለ አትገልብጡት። እንደ ዕቃው ይለዋወጣል። ፌሮ ላይ ከአንድ ፋብሪካ የወጣ አንድ ዓይነት ብረት ሦስት ሱቅ ካለ፣ ጥራቱ እኩል ስለሆነ የዋጋው ክብደት ይጨምራል። ብሎኬት ላይ ግን አምራቹ ራሱ ሻጭ ነው። ስለዚህ ጥራቱን 40 ባደርገው አልጸጸትም። የአርማታ ቀን የሚፈለግ አሸዋና ጠጠር ላይ ደግሞ የማድረስ አቅም ከዋጋ ይበልጣል።

ይህን ለምን እንደምል ልንገራችሁ። ወንጂ ማዞሪያ አካባቢ አንድ የሶሌታ አርማታ ነበረን። አሸዋው ጠዋት 1 ሰዓት ይደርሳል ተባለ። ከሃያ በላይ የቀን ሠራተኛ ተሰልፏል። ሚክሰርና ቫይብሬተር በኪራይ ቆመዋል። ሳይት ላይ የነበረውን አሸዋ ይዘን ጀመርን፣ 4 ሰዓት ላይ አለቀ። ስልክ ስደውል «ሞጆ ደርሷል» ይለኛል፣ እንደገና ስደውል «እየገባ ነው» ይለኛል። መኪናው የመጣው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ለካ ሰውየው የራሱ መኪና የለውም፣ በመሐል ሆኖ የሚያገናኝ ደላላ ነበር። ጠዋት የተሞላው አርማታ በዚያ ፀሐይና ነፋስ ደርቆ አዲሱ በደንብ አልያዘውም። ክረምት ሲገባ በዚያችው መስመር ውኃ አንጠባጠበ። በአንድ ቢያጆ (የአንድ መኪና ጭነት) ያተረፍናት ገንዘብ የሠራተኛውን የግማሽ ቀን አበል እንኳ አልሸፈነችም።

ስለዚህ የማድረስ አቅም ስትመዝኑ የምትጠይቁት እነዚህን ነው፦ መኪናው የራስህ ነው? ስንት አለህ? ቢበላሽ ማን ይተካሃል? በቀን ስንት ቢያጆ ታመጣለህ? ደላላ መሆን ነውር አይደለም። ግን ደላላ መሆኑን አውቃችሁ ግዙ።

4. እጩዎችን ሰብስቡ

ለዋና ዋና ዕቃዎች ቢያንስ ሦስት፣ ቢቻል አምስት። ከየት? እየተሠሩ ካሉ ሳይቶች። ቦኩ በኩልም ሆነ ሌላ ሰፈር፣ ግንባታ ባለበት ጎራ በሉና ጠይቁ። ስትጠይቁ ባለቤቱን ሳይሆን የንብረት ጠባቂውን አናግሩ። ባለቤቱ የሚያውቀው ዋጋውን ነው። ሲሚንቶው ረጥቦ መምጣቱን፣ ብሎኬቱ ሲራገፍ ስንቱ እንደተሰበረ፣ ሹፌሩ ሌሊት እየመጣ እንደሚያስቸግር የሚያውቀው ንብረት ጠባቂው ነው።

የምትጠይቁት ጥያቄ «ጥሩ ነው?» የሚል አይሁን። «መጨረሻ ላይ ያስቸገራችሁ መቼ ነው? ከዚያስ ምን አደረገ?» በሉ። ሁሉም አቅራቢ አንድ ቀን ያጠፋል። ለይቶ የሚያሳየው የተበላሸውን በስንት ቀን እንደቀየረ ነው።

ዘመድ ወይም የሰፈር ልጅ ካለ ይግባ፣ አትከልክሉት። ግን በዚያው ቅጽ፣ በዚያው ፈተና።

5. ለሁሉም አንድ ዓይነት የፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ጥያቄ ላኩ

በጽሑፍ ይሁን፣ በቴሌግራምም ቢሆን። ዕቃው፣ መጠኑ፣ የሚፈለግበት ቀን፣ የማድረሻ ቦታው። መልሱ ላይ እነዚህ መኖራቸውን እዩ፦

- ዋጋው ቫትን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም
- ማጓጓዣ ያካትታል ወይ
- ማራገፊያ የማን ነው
- ፕሮፎርማው እስከ መቼ ይጸናል

ማራገፊያውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። መኪናው በር ላይ ቆሞ ከሰፈሩ ጫኝና አውራጆች ጋር ድርድር የሚጀመረው ለዚህ ነው። አስቀድሞ ካልተጻፈ የሚከፍለው የቸኮለው ሰው ነው፣ ያ ደግሞ እናንተ ናችሁ።

የሚጸናበት ቀንም ቀላል አይደለም። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን፣ ከውጭ የሚገባ ግብዓት ያለበት ዕቃ ዋጋ ሊቆይ የሚችለው አጭር ጊዜ ነው። የመጋቢት ፕሮፎርማ ይዛችሁ ሚያዝያ ላይ ብትሄዱ ሻጩን መውቀስ አትችሉም።

6. ሄዳችሁ እዩ፣ ናሙናውን ራሳችሁ ፈትሹ

ጊዜያችሁን የሚበላው ይህ ደረጃ ነው። ይብላ።

*አሸዋ።* ወደ አዳማ የሚመጣው አሸዋ ከቆቃ፣ ከሶደሬ፣ ከመተሃራ፣ ከመቂ በኩል ነው። ሻጭ ሁሉ የተፈለገውን ስም ይጠራል። ስሙን ተዉትና ጠርሙሱን እመኑ።

ከክምሩ ላይኛው ክፍል አትውሰዱ። ከተለያየ ቦታ፣ ከውስጥ፣ ዝቅ ብላችሁ ዝገኑ። ጠርሙሱን እስከ ግማሽ በአሸዋ ሙሉት። ውኃ ጨምሩና ሦስት አራተኛው ይድረስ። ትንሽ ጨው ጣል አድርጉበት፣ ጭቃው ቶሎ እንዲረጋ ይረዳል። ክዳኑን ዘግታችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ በደንብ ናጡት። ከዚያ ደልዳላ ቦታ አስቀምጡና ሦስት ሰዓት ያህል አትንኩት።

ስትመለሱ ሥር አሸዋው ተኝቷል። ላዩ ላይ ለስላሳ፣ ቡናማ ንጣፍ አለ። ያ ጭቃ ነው። ሁለቱንም በሜትር ለኩ። አሸዋው 10 ሴንቲ ሆኖ ጭቃው 6 ሚሊ ከሆነ 6 በመቶ ነው። የኢትዮጵያ ደረጃ ለአርማታ አሸዋ የሚፈቅደው እስከ 6 በመቶ ነው። ከዚያ ካለፈ ወይ ይታጠባል ወይ ይመለሳል። ጭቃ የአሸዋውን ፍሬ ስለሚሸፍነው ሲሚንቶው አይጨብጠውም። ውኃም ይበላል። ሙያተኛው አርማታው ሲደርቅበት ውኃ ይጨምራል፣ ጥንካሬው ይወርዳል።

በእጅም ሞክሩት። እርጥብ አሸዋ ጨብጣችሁ ልቀቁ። መዳፋችሁ ላይ ጭቃ ከቀረ ጠርሙሱ የሚላችሁን ግማሹን አውቃችኋል።

*ፌሮ።* እዚህ ላይ የሚሰረቀው ክብደት ነው። ብረቱ «ባለ 12» ይባላል፣ ሲለካ ግን ይሳሳል። በዓይን አይለይም። የቀመሩ አሠራር እንዲህ ነው፦ ዲያሜትሩን በሚሊሜትር ወስዳችሁ በራሱ አባዙ፣ ለ162 አካፍሉ፣ የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ይመጣል። ልክ አንድ ሜትር አስቆርጡና የጓዳ ሚዛን ላይ አስቀምጡት።

- ባለ 8፦ 395 ግራም በሜትር፣ አንድ ቤርጋ (12 ሜትር) 4.74 ኪሎ
- ባለ 10፦ 617 ግራም፣ ቤርጋው 7.4 ኪሎ
- ባለ 12፦ 888 ግራም፣ ቤርጋው 10.66 ኪሎ
- ባለ 14፦ 1,210 ግራም፣ ቤርጋው 14.5 ኪሎ
- ባለ 16፦ 1,580 ግራም፣ ቤርጋው 18.96 ኪሎ

ጥቂት በመቶ ልዩነት ያለ ነው። ባለ 12 ተብሎ ሜትሩ 800 ግራም ከሆነ ግን አሥር በመቶ ብረት ጎድሏል። መሐንዲሱ ምሰሶው ውስጥ አለ ብሎ ያሰላው ብረት የለም ማለት ነው። ርዝመቱንም ለኩ፣ 12 ሜትር ተብሎ የሚያጥር አለ። ቀላል ዝገት ችግር የለውም። በእጅ ሲነካ እየተላጠ የሚረግፍ ዝገት ከሆነ አትቀበሉ።

*ብሎኬት።* የብሎኬት ቦታ ቀጠሮ ሳትይዙ ሂዱ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ። ፀሐይና ነፋስ በበረቱበት ሰዓት የተደረደረው ብሎኬት እርጥብ ነው? አጠገቡ በርሜል ወይም የውኃ ጎማ አለ? አዳማ ነፋሷ ኃይለኛ ነው፣ አዲስ ብሎኬት በሰዓታት ውስጥ ይደርቃል። ውኃ ያልጠጣ ብሎኬት ውጪው ደረቅ፣ ውስጡ ግን ፍርፋሪ ይሆናል። ቢያንስ ለሰባት ቀን ውኃ መጠጣት አለበት። ሙሉ ጥንካሬው የሚቆጠረው በ28 ቀን ነው።

«ይህ መቼ ተመረተ?» ብላችሁ ሁለት የተለያዩ ሠራተኞችን ጠይቁ። ሁለት የተለያየ መልስ ካገኛችሁ ቀን አይመዘግቡም ማለት ነው። ከዚያ አንዱን አንስታችሁ ጠርዙን በጥፍራችሁ ፈግፍጉ። አሸዋው እየተፈረፈረ ከወረደ ሲሚንቶው አንሷል ወይም ውኃ አልጠጣም። የፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ብሎኬት ቀላል መሆኑ በራሱ ጥፋት አይደለም። መፈርፈሩ ነው ጥፋቱ።

*ሲሚንቶ።* ከረጢቱ ላይ የምርት ቀን እዩ። ከሦስት ወር በላይ የቆየ ሲሚንቶ ጥንካሬው እየቀነሰ ይሄዳል። ለመዋቅር ሥራ አልወስደውም። መጋዘኑ ውስጥ ከረጢቱ ጣውላ ላይ ነው ወይስ መሬት ላይ? ግድግዳ ነክቷል? አንዱን ከረጢት ጥግ ጥጉን ዳሱት። በጣት ስትጫኑት የማይፈርስ ጓል ካለ እርጥበት ገብቶታል። 50 ኪሎ መሆኑንም ሁለት ሦስት ከረጢት መዝናችሁ አረጋግጡ።

*ጠጠር።* ጠፍጣፋና ሰይፍ መሰል ፍሬ የበዛበትን፣ አቧራ የለበሰውን ተዉት። አዳማ ዙሪያ ቀላልና ቀዳዳማ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ብዙ ነው። እሱ ለሙሌትና ለብሎኬት ይሆናል። ለምሰሶና ለሶሌታ ጠንካራውን ጥቁር ድንጋይ ጠይቁ። ሁለቱን ፍሬ አጋጩ፣ ጠንካራው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል።

> ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ሁሉ ለማጣራት እንጂ ለመዋቅር ማረጋገጫ አይበቃም። ምሰሶ፣ ቢምና ሶሌታ ካለበት ሥራ ላይ የአርማታ ኪዩብ (በቅርጽ የተሞላ ናሙና) ተወስዶ በ7 እና በ28 ቀን በላብራቶሪ መሰበር አለበት። ፌሮም ላብራቶሪ ይሂድ። ለምርመራ የሚወጣው ወጪ ከሶሌታ ማፍረሻ ጋር አይወዳደርም።

7. የእውነተኛውን ዋጋ አስሉ

ፕሮፎርማ ላይ ያለው ዋጋ የመጨረሻው ዋጋ አይደለም። የምታወዳድሩት ሳይት ላይ ወርዶ፣ ተለክቶ፣ ለሥራ የዋለውን ዕቃ ዋጋ ነው።

በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹን ለስሌት ብቻ ወስጃቸዋለሁ፣ የዛሬ ገበያ ዋጋ አይደሉም። ሁለቱም አቅራቢዎች «ሲኖትራክ፣ 16 ሜትር ኩብ» ይላሉ። ሀ ቢያጆውን በ24,000 ብር፣ ለ በ27,000 ብር። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሀን ይመርጣል።

አሁን ሜትሩን አውጡ። የመኪናውን ሳጥን ውስጡን ለኩ፦ ርዝመት 5.4 ሜትር፣ ስፋት 2.3 ሜትር። አሸዋውን ከላይ አስተካክሉ። የፌሮ ቁራጩን በአምስት ቦታ፣ በአራቱ ጥግና በመሐል፣ ወለሉ እስኪነካ ክተቱና ጥልቀቱን ጻፉ። አማካዩን ውሰዱ። የሀ መኪና 1.06 ሜትር ሆነ። 5.4 × 2.3 × 1.06 ወደ 13.2 ሜትር ኩብ ይመጣል። የ«ለ» መኪና 1.27 ሜትር ነው፣ ወደ 15.8 ሜትር ኩብ።

ሀ፦ 24,000 ÷ 13.2 = 1,818 ብር በሜትር ኩብ።
ለ፦ 27,000 ÷ 15.8 = 1,709 ብር በሜትር ኩብ።

ውድ የመሰለው ረከሰ። ማጠቢያና የወንፊት ጉልበት የሚያስፈልገው ከሆነ ደግሞ እሱን ጨምሩበት።

አንድ ነገር ልብ በሉ። እርጥብ አሸዋ ይነፋል። ጥቂት እርጥበት ያለው አሸዋ ከደረቁ ሃያ፣ ሠላሳ በመቶ በልጦ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ የአንዱን ደረቅ፣ የሌላውን እርጥብ ለክታችሁ አታወዳድሩ። ከመጫኛ ቦታ እስከ ሳይት በመንገድ ላይ እየተንቀጠቀጠም ይቀንሳል። የሚለካው ሳይት ላይ የሆነውም ለዚህ ነው፣ ከመራገፉ በፊት።

8. ነጥብ ስጡ

ዋጋው በቀመር ይሰጥ፦ ዝቅተኛው ዋጋ ÷ የአቅራቢው ዋጋ × ክብደቱ። ሌሎቹን ከ5 ስጡና ወደ ክብደቱ ለውጡ።

ሀ፦ ጥራት 3 ከ5 (18)፣ ዋጋ 23.5፣ ማድረስ 2 ከ5 (8)፣ ምላሽ 2 ከ5 (6)፣ በዱቤ ስለሚሰጥ ክፍያ 5 ከ5 (10)። ድምር 65.5።
ለ፦ ጥራት 4 ከ5 (24)፣ ዋጋ 25፣ ማድረስ 4 ከ5 (16)፣ ምላሽ 4 ከ5 (12)፣ ግማሽ ቅድሚያ ስለሚጠይቅ ክፍያ 2 ከ5 (4)። ድምር 81።

ሁለት ሰው ለየብቻ ይስጥ፣ ሳይነጋገር። ከዚያ አወዳድሩ። አንዱ 4 ሰጥቶ ሌላው 1 ከሰጠ ለምን እንደሆነ ተነጋገሩ። ይህን የምለው ገዢው ሠራተኛ ወይም ፎርማኑ ከሻጭ ኮሚሽን የሚቀበልበት አጋጣሚ ስላለ ነው። የሁለት ሰው ነጥብ ሰውን ሳያስቀይም ነገሩን ያወጣዋል።

9. ትንሽ አዝዛችሁ ሞክሩ

አንደኛ ከወጣው አቅራቢ መጀመሪያ ሁሉንም አትግዙ። አንድ ቢያጆ አሸዋ፣ 300 ብሎኬት፣ ጥቂት ቤርጋ። ናሙናው ላይ ያያችሁት ጥራት መኪናው ላይ አለ? ባለው ሰዓት መጣ? ብሎኬት ከሆነ ሲራገፍ የተሰበረውን ቁጠሩና ጻፉ። ደረሰኙ ላይ ያለው ቲን ፈቃዱ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው?

ከተቻለ ሆን ብላችሁ ጠዋት 1 ሰዓት ብላችሁ እዘዙ። የአርማታ ቀን የሚሆነውን አስቀድማችሁ ታያላችሁ።

10. ውሉን አጭር ግን ሙሉ አድርጉት

አንድ ገጽ ይበቃል። እነዚህ ይኑሩበት፦ የዕቃው ዝርዝር ከነደረጃው፣ ልኬቱ ሳይት ላይ ከመራገፉ በፊት እንደሚደረግ፣ የማድረሻ ቀንና ሰዓት፣ ለዘገየ ቀን የሚቀነሰው፣ ያልሆነ ዕቃ በስንት ቀን በማን ወጪ እንደሚነሳ፣ ማራገፊያው የማን እንደሆነ፣ ዋጋው እስከ መቼ እንደማይቀየር።

ክፍያው በባንክ፣ በድርጅቱ ስም፣ በደረሰው ልክ ይሁን። ቅድሚያ መስጠት ግድ ከሆነ ከመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ጭነቶች ዋጋ አይብለጥ። ሁሉንም ከፍሎ መጠበቅ አቅራቢውን የማስቸኮል አቅም ያሳጣችኋል። ገንዘቡ የተያዘበት ሰው ስልክ ያነሳል።

11. ተጠባባቂ ያዙ፣ መዝገብ ክፈቱ

ሁለተኛ የወጣውን አቅራቢ አታባርሩት። ለአሸዋና ለጠጠር ከአምስት ቢያጆ አንዱን ለእሱ ስጡ። የዋናው መኪና የተበላሸ ቀን «ማን ነበርክ?» አይላችሁም።

ለእያንዳንዱ ጭነት አንድ መስመር ጻፉ፦ ቀን፣ የታርጋ ቁጥር፣ የተባለው መጠን፣ የተለካው መጠን፣ የተባለው ሰዓት፣ የመጣበት ሰዓት፣ የተሰበረ ወይም የተመለሰ። ሹፌሩ ይፈርምበት። በየሦስት ወሩ ይህን ደብተር ይዛችሁ ነጥቡን እንደገና ስጡ።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

- ቫት የጨመረን ዋጋ ቫት ካልጨመረ ዋጋ ጋር ማወዳደር። 15 በመቶ ልዩነት አሸናፊውን ይቀይራል።
- ናሙናውን ሻጩ መርጦ እንዲያመጣ መፍቀድ። ናሙና ከክምሩ ላይ በራስ እጅ ይወሰዳል።
- መኪናው ሌሊት ሲመጣ ሳይለኩ ማራገፍ። ሌሊት የሚመጣ ከሆነ የሚለካ ሰው ይኑር፣ ከሌለ እስኪነጋ ይቁም። ይህን ውሉ ላይ ጻፉት።
- «አንድ ቦታ ሁሉንም ልግዛ» ብሎ ፌሮ፣ ሲሚንቶ፣ አሸዋና ብሎኬት ለአንድ ሰው መስጠት። በአንዱ ሲያጠፋ በሌላው ይይዛችኋል።
- ዱቤ ስለሰጠ ብቻ መምረጥ። ዱቤ ያለባችሁን ሰው ያልሆነ ዕቃ ሲያመጣ መመለስ ይከብዳል።
- መልካም ዕቃ ገዝቶ ሳይት ላይ ማበላሸት። ሲሚንቶ ከመሬት በጣውላ ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ፣ ተሸፍኖ ይቀመጥ፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ። አሸዋውን ሸራ አልብሱት። ያለበለዚያ የለካችሁትን የአዳማ ነፋስ ጎረቤት ግቢ ያደርሰዋል።